ከአዘዞ እስከ ፒያሳ፦ መንገዱ ለማን ይቅደም?

የዚህን የኢንተርኔት ውይይት ክር መነሻ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣ ሚኒባስ፣ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጬ ያየሁትን ነው ያሰፈርኩት። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት የሐኪም ቤት ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረውታል። ማራኪ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋ። አንዲት የቤት መኪና የመንገዱን ግማሽ ይዛ ቆማለች፤ ባለቤቱ ወርዶ ከሱቅ በር ላይ መልስ እየተቀበለ ነው። ከመኪናዋ ኋላ ሌሎች አምስት ተሰልፈዋል፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ ሰው። ከዚያ እኛ ነን። እናቲቱ ቋጠሮውን ፈቱ፣ ካርዱን አወጡ፣ የቀጠሮውን ሰዓት እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ይላል። ያን ጊዜ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ካርዱን ተቀብለው መልሰው ቋጠሩት፤ አንድም ቃል አልተናገሩም።

ከዚህ ተነሥቼ ጥያቄዬን አቀረብኩ። ትራም ባለባቸው በርካታ ከተሞች መኪናው ቆሞ ትራሙን ያሳልፋል። በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ውስጥ ትራም ፌርማታው ላይ ቆሞ በሩን ሲከፍት፣ ከኋላው የሚመጣ መኪና መቆም በሕግ ግዴታው ነው። ጎንደር ትራም የላትም፤ ደንቡ ግን ሐዲድ አይፈልግም። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ባለው 12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ብዙ ሰው የጫነው ይለፍ፣ አንድ ሰው የጫነው ይታገሥ አልኩ። እስከ ዛሬ 34 ምላሽ ተሰጥቶበታል። ከመካከል ገብታችሁ ክሩ የጠፋባችሁ ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልተርክላችሁ፤ እኔን የተቃወመኝንም አልዘልም።

1ኛዋ መላሽ በምርቃት ነው የጀመረችው። ለእናቲቱ ምሕረቱን ተመኘች፤ ቀጥላም ትራም የሚባለው ከባቡር በምን እንደሚለይ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተገቢ ነበር፤ እኔ ሳላብራራ አልፌው ነበርና። 2ኛው፣ ጎንደር ተወልዶ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው፣ መለሰላት። ትራም በከተማ ጎዳና ላይ፣ ከመኪናና ከእግረኛ ጎን የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር መሆኑን፣ እኛ አገር ቅርቡ የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር እንደሆነ፣ እርሱም መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረ፣ አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ እንደሚዘረጋ ነገራት። መጀመሪያ ላይ ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር እንደነበርም አስታወሰ። በዚያ ዋጋ ስንቱ የቀን ሠራተኛ ወጥቶ እንደገባ ያየ ሰው ይመስክር።

በ3ኛው ምላሽ የመጀመሪያው እርማት መጣ፣ ከባድም ነበር። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ ልደታ አካባቢ የኖረች ሴት ናት። የአዲስ አበባው ባቡር ለቅድሚያ ምሳሌ እንደማይሆን አስረዳች። ያ ባቡር ከመኪና ጋር ተጋፍቶ ቅድሚያ የተሰጠው ሳይሆን በድልድይና በአጥር ከመኪና የተለየ ነው። ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚምባንክ በብድር የመጣ ነው። መለየት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቅድሚያ መስጠት ግን ፈቃድን ነው የሚጠይቀው አለች። አጥሩ ያመጣውንም አልሸሸገችም፦ በአንድ ሰፈር ፊት ለፊት ይተያዩ የነበሩ ጎረቤታሞች አስፋልቱን ለመሻገር ሩቅ ሄደው መዞር ግድ ሆኖባቸዋል። እኔ መለየትንና ቅድሚያን አንድ አድርጌ ነበር የማየው። ከዚህ ምላሽ በኋላ መነሻ ጽሑፌን ደግሜ ሳነበው ድክመቱ ታየኝ።

4ኛው አድናቆት ብቻ ነበር። 5ኛው ግን ተቆጥቶ መጣ።

ይህ ሰው የቤት መኪና አለው። ያቺን መኪና ከባዕድ አገር በላብ በተገኘ ገንዘብ እንደገዛት፣ ግብሯን እንደሚከፍል፣ መንገዱም በእርሱ ግብር ጭምር እንደተሠራ ዘረዘረ። ከዚያ ያላሰብኩትን አነሣ። ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ስትኖር የሚንኳኳው የማን በር እንደሆነ ጠየቀኝ። በሰፈሩ አምቡላንሱ እርሱ ነው፤ አስከሬን ሲነሣም፣ ሙሽራ ሲሸኝም የሚጠራው እርሱ ነው። ዛሬ ብቻውን ስላየሁት ሁልጊዜ ብቻውን እንደሚሄድ መቁጠሬ ግፍ ነው አለኝ። በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል አንተ ብሎኝ፣ በመጨረሻው አንቱ ብሎኛል። ንዴቱንም ጨዋነቱንም ከዚያ ለየሁት።

6ኛው የእኔ መልስ ነው። መኪናው ይውጣ እንዳላልኩ፣ ሁለት ደቂቃ ይጠብቅ እንዳልኩ፣ ምጥ የያዛትን የጫነ መኪና ከማንም በፊት ማለፍ እንዳለበት ጻፍኩ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለብረቱ ሳይሆን ውስጡ ላለው ሰው ነው፤ ሰውን ከቆጠርን በሠልፉ ላይ አምስቱ መኪናዎች አምስት ሰው፣ የእኛ አንዱ ታክሲ አሥራ አምስት ሰው ነበር። ዛሬም በዚህ አቋሜ ነኝ።

7ኛው የመንገድ ሥራ ምሕንድስና የተማረ ወጣት ነው። ነገሩን ከስሜት አውጥቶ በቁጥር አስቀመጠው። በከተማ ውስጥ በአንድ መስመር የሚጓዙ የቤት መኪናዎች በሰዓት 2 ሺህ ያህል ሰው ካሳለፉ ብዙ ነው፤ ያው ስፋት ለትራም ብቻ ቢሰጥ 10 ሺህና ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ትራም ቅድሚያ የሚያገኝበትን ሌላ ምክንያትም ጨመረ፦ መሪ የለውም። ከሐዲዱ መውጣት፣ ቆሞ የጠበቀውን መኪና ዞሮ ማለፍ አይችልም። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተትም ለመቆም ከመኪና ከእጥፍ በላይ ርቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ሐዲዱ ላይ የቆመች አንዲት መኪና የአንድ ትራም ሰውን ሁሉ ታግታለች። የእኛን ማራኪ በሐዲድ ላይ አሰብኩት።

8ኛው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ክሩን ያጋለው እርሱ ነበር። ብዙ የጫነ ይቅደም ከተባለ ሦስት ሰው የሚጭን ባጃጅ የት ሊገባ ነው? ወደ ቁስቋም ዳገት፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ሚኒባስ ወደማይገባባቸው መንደሮች አሮጊቱን በራፋቸው የሚያደርሳቸው ማነው? ሥራ አጥቶ ከመቀመጥ ብሎ ተበድሮ ባጃጅ የገዛ ወጣት ከነልጆቹ ምን ይብላ? አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ጥያቄዎቹ ግን አንዳቸውም ከሜዳ የመጡ አልነበሩም። ቀጥለው የመጡት 9ኛው እስከ 11ኛው ግን ወደ መዘላለፍ ወረዱ። አንዱ የከተማዋን መጨናነቅ በሙሉ በባጃጅ ላይ ጫነ፤ ሌላው እርሱን መንገድ የማያውቅ ባላገር አለው፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። በ12ኛው አስተባባሪው ገብቶ ሁለት ምላሾችን አወረደ። መውረዳቸው ደስ ብሎኛል። በሰፈር ፊት ለፊት ብንገናኝ ይህን እንደማንናገር አውቃለሁ።

13ኛውን የጻፉት በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ እንደተረዳሁት የልጅ ልጃቸው ነው የተየበላቸው። ትራም በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ አላዩም። ጎንደር ግን መንገድ መልቀቅን ከማንም መማር አያስፈልጋትም አሉ። በከተራ ዕለት ጥር 10 ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። ወጣቶቹ የታለፈበትን ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ ወደ ፊት እየሮጡ መልሰው ይዘረጋሉ። ከሐኪም ቤት የሚመጣ ካለ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፈዋል። ማንም ጡሩምባ አይነፋም። እኚህ አባት በልጅነታቸው ምንጣፉን ከሚጠቀልሉት መካከል ነበሩ፤ የምንጣፉ ጠርዝ መዳፋቸውን እንደላጠውና ቁስሉን ለሰው ማሳየት ይወዱ እንደነበር አስጽፈዋል። በክሩ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

14ኛው አንድ ዲያቆን ነው። ንጽጽሩን አልተቀበለም፣ በአክብሮት ግን። ለታቦት መንገድ የሚለቀቀው ከኋላው ብዙ ሕዝብ ስላለ አይደለም፤ አንድም ሰው ባይከተለው ይለቀቅለታል። ሥራ ረፈደብኝ የሚል ሰው ከዚያ ጋር አይወዳደርም። 15ኛው ላይ አባታችን መልሰው ይቅርታ ጠየቁ። ማለት የፈለጉት ክብሩን ለማስተካከል ሳይሆን ሥርዓቱን ለማሳየት እንደነበር ገለጹ፦ የትኛው መንገድ በየትኛው ሰዓት እንደሚዘጋ ሁሉም ሰው ቀድሞ ያውቃል፣ ስላወቀም አይጣላም። እዚህ ላይ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የዲያቆኑ እርማት ባይመጣ ኖሮ ይህ ስለ ሥርዓት የተነገረው ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ከዚያ ክሩ ትንሽ ወደ ጎን ሄደ። 16ኛው አስጎብኚ ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ዙሪያ ሐዲድ ይቀበራል ብሎ ማሰብ እንኳ እንደሚያስደነግጠው ጻፈ። ጣሊያን የሠራቸውን የፒያሳ ቤቶችና የጃንተከልን ዋርካ ታሪክ ረጅም አድርጎ አወጋ፤ ደስ ይላል፣ ከጉዳያችን ግን ርቆ ነበር። 17ኛው መለሰው፦ የፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ አሮጌው መካከለኛ ክፍሏ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ትራም ያስገባችውም በዚያው ውስጥ ነው። ትራሙ ሲገባ በመሐል አደባባዩ ያልፍ የነበረው የመኪና ጎርፍ ቆመ፤ ቅርሱን የሚያንቀጠቅጠውና የሚያጠቁረው ደግሞ መኪናው ነበር። 18ኛው ዳገታችንን አነሣ። ሌላ ሰው በዚያው ተከትሎ በሊዝበን ከ13 በመቶ በላይ ተዳፋት የሚወጡ አሮጌ ትራሞች እንዳሉ ነገረው፤ ያ 19ኛው ነው።

20ኛዋ ከስዊዘርላንዷ ዙሪክ የጻፈች የጎንደር ልጅ ናት። በ1973 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ሕዝብ የምድር ውስጥ ባቡር እንዲሠራ ተጠይቆ በድምፁ አልፈልግም አለ። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን ለነባሩ ትራምና አውቶቡስ ቅድሚያ መስጫ 200 ሚሊዮን ፍራንክ ፈቀደ። በዚያ ገንዘብ መስመራቸው ከመኪና ተለየላቸው፣ መብራቶቹም ተቀየሩ። ከመንገዱ ሥር የተቀበረው ሽቦ ትራሙ መቅረቡን ለመብራቱ ይነግረዋል፤ ትራሙ መስቀለኛው ላይ ሲደርስ አረንጓዴው ይጠብቀዋል። ክረምት ላይ ከፌርማታ ቆማ የምታየውን ጻፈች፦ በጭጋጉ ውስጥ የትራሙ ፊት ገና ሳይለይ የመኪናዎቹ መብራት ቀይ ይሆናል፣ በውድ መኪና የመጣውም ዝም ብሎ ይቆማል፣ ትራሙም ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያልፋል። እዚያ ባንክ የሚያስተዳድረውም የጽዳት ሠራተኛውም በአንድ ትራም ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም ይፈጥናል።

21ኛው በዚህ ተናደደ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስለ አስተዋይ የትራፊክ መብራት ማውራት የረሃብተኛን ልጅ ስለ ድግስ ማጫወት ነው አለ። ቃሉ ቢመርም እውነት አለበት። ሆኖም እኔ 22ኛው ላይ የመለስኩለትን አሁንም አምንበታለሁ፦ በእኛ መስቀለኛ ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ እጅ አለው፣ ዐይን አለው፣ ሙሉ አውቶቡስና ባዶ መኪና ይለያል። ሽቦው የሚሠራውን እርሱ ሊሠራ ይችላል፣ ከማን እንደሚጀምር በግልጽ ከታዘዘ።

23ኛዋ የልደታዋ ሴት ናት፤ ተመልሳ መጣች። ቅድሚያ የተሰጠው ተሽከርካሪ ካልመጣ ቅድሚያው ለማን ነው? አዲስ አበባ 41 ባቡር ነበር የተገዛላት፤ መለዋወጫ ሲጠፋ ከግማሽ በላዩ ከሥራ ውጭ ሆኖ ያየንበት ጊዜ አለ። ሐዲዱ ባዶ፣ ከአጥሩ ወዲህ መኪናው ተጨናንቆ፣ ፌርማታው ላይ ደግሞ ሰው በሰው ላይ። ባዶ ሐዲድ ያየ ባለመኪና ነገ ለምን ልልቀቅ ማለቱ አይቀርም። ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም፤ 24ኛው ላይ ይህንኑ ጻፍኩ።

በእኔ ግምት ግን የክሩን መንገድ የቀየረው 25ኛው ነው። ስድስት ዓመት የታክሲ ረዳት ሆኖ የሠራ ልጅ ነው። ጋሼ ብሎ ከጠራኝ በኋላ አንድ ያልነካሁትን ነገር እንዳስተውል ለመነኝ። ያን ዕለት መንገዱን የዘጋችው የቤት መኪና ናት፤ ሌላ ቀን የሚዘጋው ግን ራሱ ታክሲው ነው። ከአዘዞ ሲነሣ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። በመንገድ አንድ ሰው ሲወርድ ምትክ እስኪገኝ እየተጎተተ ይሄዳል፤ እጁን ያነሣ ሰው ባየበት ሁሉ አስፋልቱ መሐል ይቆማል። ምክንያቱም የዕለት ገቢውን ለባለንብረቱ አስረክቦ የሚተርፈው የእርሱና የሾፌሩ ነው፤ አንድ ወንበር ባዶ ከሄደ የምሳቸው ዋጋ ሄደ። ትራም የሚነሣው በሰዓቱ ነው፤ ታክሲ የሚነሣው በሰው ነው። ሰው የሚጠብቅ ተሽከርካሪ መንገድ ይለቀቅልኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

ይህን ካነበብኩ በኋላ ቆሜ አሰብኩ። የእናቲቱ ሩብ ሰዓት በሙሉ የተቃጠለው ማራኪ ላይ አልነበረም። አዘዞ ላይ ሁለት ወንበር እስኪሞላ ስንጠብቅ ምን ያህል እንደቆየን ትዝ አለኝ፤ ያን ጊዜ ማንም አልተቆጣም፣ እኔም በመነሻ ጽሑፌ አላነሣሁትም። 26ኛው ላይ ሐሳቤን አስተካክዬ ጻፍኩ፦ ቅድሚያው በተቆረጠ ሰዓት ለሚነሣ፣ በተወሰነ ፌርማታ ብቻ ለሚቆም አውቶቡስ ይሁን፤ ቢሞላም ባይሞላም ይሂድ፤ ለዚህ የሚጎድለው ገቢ ከረዳቱና ከሾፌሩ ጉሮሮ ሳይሆን ከከተማው ይሸፈን። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል በዋናው መንገድ ጠርዝ ማንም ለግዢ አይቁም። ይህ ሐዲድም ብድርም አይጠይቅም።

27ኛውና 28ኛው ስለ ነዳጅ ሠልፍ ነበር፤ 29ኛው በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ ሚኒባሶች ዋጋ ጠየቀ፣ መላሽ አላገኘም። 30ኛው ላይ የባጃጁ ሾፌር ለስለስ ብሎ ተመለሰ። አውቶቡሱ በሰዓቱ የሚመጣ ከሆነ ባጃጆቹ ከዋናው መንገድ ወጥተው በየመገንጠያው ተራ ይዘው ከፌርማታ የወረደውን ሰው ወደ ውስጥ ቢያደርሱ እንደሚሻላቸው ጻፈ፤ ዳገቱን ከአዘዞ ጀምሮ መውጣት ሞተር ይበላል። ለመቆሚያው ግን ጥላና ጠፍጣፋ ቦታ ይፈልጋል፣ ቃል ብቻ አይበቃውም። ጥያቄው ለከተማው መቅረብ ያለበት በዚሁ መልክ ነው ብዬ አምናለሁ። 31ኛው፣ ባለመኪናው፣ አልተለወጠም። ሌላው መጀመሪያ ሰዓቱን ያክብር፣ ከዚያ ስለ መልቀቅ እንነጋገራለን ብሎ ወጣ።

32ኛው ትላንት ማታ ነው የገባው። አንዲት ሴት ክሩን በሙሉ እንዳላነበበች ይቅርታ ጠይቃ፣ ሐሙስ ዕለት እናቷን ለዐይን ቀዶ ሕክምና ከአዘዞ ማድረስ ስላለባት የመጀመሪያው ታክሲ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀች። 33ኛው ላይ ረዳቱ ልጅ መለሰላት፦ ሳይነጋ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይሰለፋሉ፣ የሚነሡት ግን ሲሞሉ ነው፤ ለእናቷ እግር እንዲመች ጋቢናውን ቀድማ ብትይዝ ጥሩ ነው። 34ኛው እኔ ነኝ። እኔም ሐሙስ በዚያ ሰዓት እዚያው ስለምሳፈር አንድ ወንበር በእኔ እንደሚሞላ ጻፍኩላት።